ፍልስጤማውያን እንግዶች ቤቴ ሊያርፉ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ለንደን ነው። የ16 ዓመት ልጄ የምትሄድበት የወጣቶች ማዕከል በሚመጣው ወር ኢየሩሳሌም አጠገብ ካለችው ከአቡ ዲስ የሚመጡ ፍልስጤማውያን ሴት ልጆችን ያስተናግዳል። ሁለቱ ለዘጠኝ ቀን እኛ ቤት ያርፋሉ። ልጄ ደስታዋን አልቻለችውም። እኔ ግን ጨንቆኛል። ኦርቶዶክስ ነን፤ የሥጋውን ነገር እንዴት ላድርገው? ስለ ጦርነቱስ ይወራል ወይስ ዝም ይባላል? ባለቤቴ ደግሞ «የፍልስጤምና የእንግሊዝ ልጆች ጉዳይ ነው፤ እኛ ሐበሾች ምን አገባን?» ይላል። እባክዎ ይምከሩኝ።
የሁለት ልጆች እናት፣ ከለንደን

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የራሴ ወጥ ቤት ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት እኔም ለንደን ሳለሁ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ከዚያው ከአቡ ዲስ መጥታ ቤቴ አርፋ ነበር።

ከሥጋው እንጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው። ሁላችሁንም አንድ ማዕድ ላይ የሚያስቀምጥ ምግብ እኮ ቤትሽ ሞልቷል፤ የጾም ምግብ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ማንንም አያስቀይምም። በርበሬውን ብቻ ቀነስ አድርጊ። ግን ሙስሊም ናቸው ብለሽ አትደምድሚ፤ ክርስቲያን ፍልስጤማውያንም አሉ። አስቀድመሽ ጠይቂ። እነሱም ያብስሉ። የእኔዋ እንግዳ ሙሰኸን የሚባለውን ምግባቸውን ልሥራ አለችና ዶሮውን ከሐላል ሥጋ ቤት ገዝታ መጣች። ሽንኩርቱን በወይራ ዘይት ስታቁላላ ቆሜ አየኋት። አትቸኩልም። ልክ እንደ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት ነው የምትጠብቀው። ሱማቅ የሚባል ቀይ፣ ኮምጠጥ ያለ ቅመም ነሰነሰችበት። ዶሮውን እንደማልበላ ስታውቅ ሽንኩርቱን ብቻ ትኩስ ዳቦ ላይ አድርጋ በእጇ አጎረሰችኝ። ጉርሻ ማን እንዳስተማራት እንጃ። ምናልባት ልጄ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ የእናቴ ፎቶ አለ። ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ተሳልማ፣ ከጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ካለው ገዳማችን፣ ከዴር ሡልጣን በር ላይ የተነሣችው ነው። ልጅቷ ፎቶው ፊት ለፊት ብዙ ቆመች። ከዚያ እናቴ ከየት አገር ተነሥታ ኢየሩሳሌም እንደሄደች ጠየቀችኝ። ከአዲስ አበባ አልኳት። አቡ ዲስ ከአሮጌዋ የኢየሩሳሌም ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ከሰፈሯ ከፍታ ላይ የኢየሩሳሌም ወርቃማው ጉልላት ይታያታል። አያቷ በእግራቸው እየሄዱ ይገበዩ ነበር። እሷ ግን ያለ ፈቃድ አትገባም፤ መሐል ላይ ከፍታው 8 ሜትር የሚያህል የሲሚንቶ ግንብ አለ። እስራኤል ግንቡን መሥራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። እናቴ ባሕር ተሻግራ የሳመችውን ከተማ የከተማዋ ጎረቤት የሆነችው ይህች ልጅ ከሩቅ ነው የምታየው። ያን ቀን ምንም አልመለስኩላትም። ቡና አፈላሁ።

ስለዚህ ዝም ይባል አልልሽም። ጥያቄ አታዝንቡባቸው ነው የምልሽ። መከራዋን ለማስረዳት አይደለም የመጣችው። ስትፈልግ ራሷ ታነሣዋለች። የእኔዋ አንድ ማታ ልጆቹን «ባልፎርን ታውቁታላችሁ?» አለቻቸው። ማንም አያውቅም። ባልፎር እ.ኤ.አ. በኅዳር 1917 ለአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ መኖሪያ በፍልስጤም እንዲመሠረት መንግሥታቸው እንደሚደግፍ በደብዳቤ የጻፉት የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ናቸው። እንግሊዝም እስከ እ.ኤ.አ. 1948 ድረስ ፍልስጤምን አስተዳደረች። አቡ ዲስ ያደገችው ልጅ ቀኑን ሳይቀር በቃሏ ታውቃለች፤ ለንደን ያደጉት ስሙንም አልሰሙም። የእኔ ልጅ በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ማንም አላዘዘውም።

ይህ ለባለቤትሽም መልስ ይመስለኛል። ልጅሽ እዚያ ማዕከል ስትቀመጥ ከእንግሊዝ ልጆች አንዷ ናት። የዚህ አገር ታሪክ የእሷም ነው፤ ጥሩውም መጥፎውም። ደግሞም ነገሩ አዲስ አይደለም። የስኮትላንዷ ደንዲ ከፍልስጤሟ ናብሉስ ጋር እህትማማች ከተማ የሆነችው ከእ.ኤ.አ. 1980 ጀምሮ ነው። ግላስጎውም ከቤተልሔም ጋር ናት። የለንደኗ ካምደን ነዋሪዎችም ከአቡ ዲስ ጋር የወዳጅነት ማኅበር አላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የሐበሻ ቀሚስሽን ከቁም ሣጥን አውጪ። የእኔዋ ጥልፉን እየዳሰሰች «የየትኛው መንደር ነው?» አለችኝ። በእነሱ ዘንድ የድሮ ሴቶች ጥልፍ የመጡበትን አካባቢ ይናገራል። ዩኔስኮም ጥልፋቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 በቅርስነት መዝግቦታል። የራሴን ቀሚስ እንደዚያ አይቼው አላውቅም ነበር። ማታውን አዲስ አበባ ደውዬ እናቴን ጠየቅኋት። ሦስታችንም በስልክ አንድ ሰዓት አወራን፤ ልጄ እያስተረጎመ።

ሲደርሱ ደክሟቸው ይሆናል። አቡ ዲስ ካለችበት ከዌስት ባንክ የሚወጣ ፍልስጤማዊ ያለ ልዩ ፈቃድ በቴል አቪቭ አውሮፕላን ማረፊያ አይሄድም። በኢያሪኮ አድርጎ፣ ድልድዩን ወደ ዮርዳኖስ ተሻግሮ፣ ከአማን ነው የሚበረው። ድልድዩ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1917 ኢየሩሳሌምን በያዘው የእንግሊዝ ጄኔራል በአለንቢ ስም ነው የሚጠራው። የመጀመሪያውን ቀን ምንም ፕሮግራም አትያዢ። ይተኙ።

ማታ ማታ ስልካቸው ላይ ቢያመሹ ቅር አይበልሽ። የእኔዋ በየሌሊቱ እናቷ ጋ ትደውል ነበር፤ ኬላው ተከፍቶ ወንድሟ ከሥራ ገብቶ እንደሆነ ሳትሰማ አትተኛም። የዋይፋዩን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ራስጌያቸው አስቀምጪላቸው።