ኮዮቴ በሰፈራችን፦ ጥያቄና መልስ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለ ኮዮቴ፣ ውሻ ስለሚመስለው የሰሜን አሜሪካ አውሬ፣ ስምንት ሰው ደውሎልኛል። አንዲት እናት ትንሿ ውሻቸው በገዛ ጓሯቸው አንገቷን ተይዛ ስትጎተት አይተው እያለቀሱ ነበር የደወሉት። አንዱን ነገር በየስልኩ ከምደጋግም እዚሁ ጠይቁኝ። ለማታውቁኝ፣ ኮሎራዶ ውስጥ በአንድ ከተማ የእንስሳት ቁጥጥር ሠራተኛ ሆኜ 17 ዓመት ሠርቻለሁ።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። ስትጠይቁ የምትኖሩበትን ከተማ፣ ያያችሁበትን ሰዓትና እንስሳው ምን ያደርግ እንደነበር ጻፉ። ሁለተኛው ልመናዬ፦ አታብሉት። ይህን ዛሬ ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ።

ጥያቄ (ከአውሮራ)፦ ጋሼ፣ ትናንት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ አንድ ኮዮቴ ቆሞ አየሁ። አየኝና ቀስ ብሎ ሄደ። በቀን መውጣቱ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኮዮቴ በተፈጥሮው በቀንም ይንቀሳቀሳል፤ ከተማ ውስጥ ሌሊቱን የሚመርጠው ሰው ስለሚበዛበት ነው። በተለይ ከሚያዝያ ጀምሮ ግልገሎቹን መመገብ ስላለበት ቀን መውጣቱ የተለመደ ነው። አይቶሽ መሄዱ ጤናማ ጠባይ ነው። ፀጉሩ ረግፎ ቆዳው የተጋለጠ ካየሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እከክ ነው፤ የታመመ እንስሳ ሮጦ ማደን ስለሚያቅተው ወደ ቤት ይጠጋል። ለከተማው እንስሳት ቁጥጥር ደውይ። የሚያሰጋው እየተንገዳገደ የሚሄድ፣ ወይም ሰው ሲጮህበት የማይሸሽ ነው።

ጥያቄ (ከሎስ አንጀለስ)፦ ድመቴ አምስት ዓመት ሙሉ ውጭ ስትውል ስታድር ምንም አልሆነችም። ጎረቤቶቼ አስገቢያት እያሉ ያስጨንቁኛል። ኮዮቴ አይጥና ጥንቸል ነው የሚበላው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ጎረቤቶችሽ። የሰማሽው ግን ሐሰት አይደለም፣ የሌላ ከተማ እውነት ነው። ቺካጎ ውስጥ ተመራማሪዎች ከ2000 ጀምሮ ኮዮቴዎችን እየያዙ፣ አንገታቸው ላይ የሬዲዮ ማሰሪያ እያደረጉ ሲከታተሉ ኖረዋል። ከ1,400 በላይ የኮዮቴ እዳሪ ሰብስበው ሲመረምሩ በብዛት ያገኙት አይጥን የመሳሰሉ ትንንሽ እንስሳትን፣ ፍራፍሬን፣ አጋዘንንና ጥንቸልን ነው። የድመት ቅሪት የተገኘው ከመቶው በአንዱ ገደማ ብቻ ነበር። ሰዎች ይህን ቁጥር ይዘው «ድመት አይነካም» ይላሉ።

አንቺ የምትኖሪው ግን ሎስ አንጀለስ ነው። እዚያ በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት መሐል ከተማ ከተሰበሰበው እዳሪ ከአምስቱ በአንዱ የድመት ቅሪት ተገኝቷል። እንስሳው አንድ ነው፣ የቀረበለት ማዕድ ግን ይለያያል። ሰው ለባዘኑ ድመቶች በየጥጉ ምግብ የሚያስቀምጥ ከሆነ ኮዮቴው ምግቡንም ድመቶቹንም ያገኛል። አምስት ዓመት መትረፏ ለስድስተኛው ዋስትና አይሆናትም። ዛሬ ማታ አስገቢያት።

ጥያቄ (ቦታ ያልገለጸ)፦ ኮዮቴ አየሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የት? መቼ? ምን ሲያደርግ? ከላይ የለመንኩትን አንብብና ተመለስ።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ በአማርኛ ምን እንበለው? እኔ ለልጆቼ ቀበሮ ነው እላቸዋለሁ።

መልስ፦ ኮዮቴ በሉት።

አስተያየት (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ ቀበሮ አይባልም! ቀበሮ እዚህ አገር ያለው ጅራቱ ወፍራም፣ ቀይ፣ ትንሹ እንስሳ ነው። ኮዮቴ ተኩላ ነው።

አስተያየት (ከሲያትል)፦ ተኩላ በመንጋ ሆኖ ትልቅ እንስሳ የሚጥለው ነው። «ለቀበሮዎች ጉድጓድ አላቸው» ይላል ወንጌሉ። ይኼም ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚወልደው። እንግዲያው ቀበሮ ነው።

አስተያየት (ከዳላስ)፦ ባሌ ያለውስ ቀይ ቀበሮ የምንለው? እሱን ፈረንጆቹ የኢትዮጵያ ተኩላ ይሉታል። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ስለ ስሙ ልከራከር አልፈለግሁም ነበር፤ የባሌው ሲነሳ ግን ዝም ማለት አልችልም፣ ያደግሁት ጎባ ነው። ኮዮቴ የሚለው ስም ከሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ከናዋትል የመጣ ነው፤ እንግሊዝኛውም ተውሶታል፣ እኛም ብንዋሰው ነውር የለውም። ቀይ ቀበሯችን በዘሩ ለተኩላና ለኮዮቴ የቀረበ ነው። ባሌ ተራራ፣ ሰኔቲ አምባ ላይ ብቻውን ጎንበስ ብሎ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ሲያደባ፣ ጆሮውን ወደፊት ቀስሮ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ሲቆም በልጅነቴ አይቻለሁ። አሁን በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው።

የሚጨርሰው ደግሞ የሰው ጥይት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእረኞች ውሾች የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 የተነሳው ወረርሽኝ እዚያው ባሌ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱን ገደማ ፈጀ። በ2008 እና በ2014ም ተመልሶ መጣ። ውሻ ማስከተብ የውሻው ባለቤት የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። እዚህም ውሻ ያላችሁ ክትባቱን አታስተጓጉሉ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ እኛ ከጅብ ጋር ያደግን ሰዎች ነን። ሐረር ላይ ጅብ ከሰው እጅ፣ ከሰው አፍ ሥጋ ይቀበላል፣ ማንንም አይነካም። ኮዮቴ ደግሞ 15 ኪሎ የማይሞላ እንስሳ ነው። ብናበላው ምን ይጎዳል?

አስተያየት (ከአትላንታ)፦ ይቅርታ፣ ይህን የሚለው ውሻው ያልተበላበት ሰው ነው። የእኔን ውሻ ልጄ ናት ጓሮ ውስጥ ያገኘችው። አሥር ዓመቷ ነው። እስከ ዛሬ ወደ ጓሮ አትወጣም።

አስተያየት (ከዴንቨር)፦ እኔ ማንንም ለማስከፋት አይደለም። ፍርሃቱ ተጋነነ ለማለት ነው።

መልስ፦ የአትላንታዋ እህቴ፣ እግዚአብሔር ልጅሽን ያጽናናልሽ። ወንድሜ፣ ያነሳኸው ትልቅ ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ሐረር ለብዙ ትውልድ ከጅቡ ጋር ተስማምታ የኖረች ከተማ ናት። በግንቡ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ሳይቀር አላት። የሚያበላው ሰው ይታወቃል፣ ቦታውም ሰዓቱም ይታወቃል። የእኛ ሰፈር እንዲህ አይደለም። አንዱ በበረንዳው አጥንት ይጥላል፣ ሁለተኛው ውሻ ይለቅቃል፣ ሦስተኛው ሕፃን ያጫውታል። ከአንዱ እጅ የለመደው እንስሳ ሌላው ባዶ እጁን ሲመጣበት ያንኑ ይጠብቃል።

ካናዳ፣ ቫንኩቨር ከተማ የሆነውን ተመልከት። ስታንሊ ፓርክ በሚባለው ትልቅ መናፈሻ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ 45 ሰዎች በኮዮቴ ተነከሱ ወይም ጥቃት ደረሰባቸው። በዚያ መናፈሻ ኮዮቴዎቹ ለዓመታት ከሰው ጋር ብዙም ሳይጋጩ ኖረዋል። ሰዎች ግን ምግብ ይሰጧቸው ነበር፤ ፎቶ ለማንሳት ሲሉ የሚያስጠጓቸውም ነበሩ። በመጨረሻ መናፈሻው ከማታ እስከ ጠዋት ለጊዜው ተዘጋ፣ 11 ኮዮቴዎችም ተገደሉ። ያበላ ሰው የሚያዝን ይመስለዋል፤ ለእንስሳው የሚያቀርብለት ግን የሞት ፍርዱን ነው።

ጅብ ካነሳህ ደግሞ አንድ የአገራችንን ነገር ልንገርህ። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ፣ በ2012 የታተመ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከፋሲካ በኋላ የጅብ እዳሪ መረመሩ። በሁዳዴ ሰው ሥጋ ሲተው፣ ልኳንዳ ቤት ሲዘጋ፣ የሚጣል አጥንትና ቆዳ ሲጠፋ፣ በእዳሪው ውስጥ የሚገኘው የአህያ ፀጉር ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ፋሲካ ሲደርስ መልሶ ቀነሰ። ጅቡ የእኛን ጾምና ፍስክ ተከትሎ ይኖራል ማለት ነው። ኮዮቴም እንዲሁ ነው። ማታ ማታ ደጃፍህ ላይ የምታስቀምጠውን ያውቃል፣ ያቆምክ ቀንም ያውቃል።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ሰው ገድሎ ያውቃል? የሦስት ዓመት ልጅ አለኝ።

መልስ፦ አዎ። ተመዝግቦ የሚታወቀው ሁለት ጊዜ ነው። በ1981 ካሊፎርኒያ፣ ግሌንዴል ውስጥ አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን ከቤቷ ደጅ፤ በ2009 ደግሞ ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ በብሔራዊ ፓርክ ብቻዋን ትሄድ የነበረች የ19 ዓመት ዘፋኝ። እዚህ አሜሪካ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በቤት ውሻ ይነከሳል፤ ልጅሽን ከዚያ ይልቅ መጠበቅ ያለብሽ ከማታውቂው ውሻ ነው።

ቢሆንም ትንሽ ልጅ ብቻውን ጓሮ አይተው። ኮዮቴ ከመጣ ልጁን አንስተሽ እቀፊ። አትሩጪ፣ ጀርባሽንም አትስጪ፤ ሩጫ አሳዳጅን ይጠራል። ወደ እሱ ዞረሽ እጅሽን ከፍ አድርገሽ በሙሉ ድምፅሽ ጩኺ፣ ድስት አንኳኪ፣ ከእግሩ አጠገብ ድንጋይ ጣይ። ከዓይንሽ እስኪጠፋ ድረስ አታቁሚ፤ በመሐል ከተውሽው ትንሽ ቆሞ መታገሥ እንደሚያዋጣው ይማራል። ከጉድጓዱ አጠገብ ግልገል ካለው ግን አይሸሽም፣ እየተከተለ ይሸኝሻል። ያኔ ፊትሽን ሳታዞሪ ቀስ ብለሽ ውጪ፤ እስከ ነሐሴ ማብቂያም ያንን መንገድ ተይው።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ ከተማው ለምን ሁሉንም ይዞ አይገድልም? ግብር የምንከፍለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ተሞክሯል። ከመቶ ዓመት በላይ በወጥመድ፣ በጥይት፣ በመርዝ፣ ከአውሮፕላን ላይ በመተኮስ ተሞክሯል። ዛሬም የፌደራሉ መንግሥት በየዓመቱ በአሥር ሺዎች ይገድላል። ተኩላውን በዚያ መንገድ ከአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል አጠፉት። ተኩላ ሲጠፋ ኮዮቴ ጠላቱ ተነሣለትና ከምዕራቡ ሜዳ ተነሥቶ ተስፋፋ፤ ዛሬ ከሃዋይ በቀር የሌለበት ግዛት የለም።

ምክንያቱን ልንገርህ። አንድ ክልል የሚይዙት ወንድና ሴት ጥንዶች ናቸው። ቺካጎ ላይ 18 ጊዜ የተወለዱ ግልገሎችን ዘር መርምረው አንድም ከውጭ የተወለደ አላገኙም፤ ጥንዶቹ እስከ ሞት አይለያዩም። ሌላ ኮዮቴ ወደ ክልላቸው አያስገቡም። እነሱን ስትገድል ክልሉ ባዶ ይሆናል፤ ሰፈሩን የማያውቁ ወጣቶች ከየአቅጣጫው ይገባሉ። የተረፉት ምግብ ስለሚበዛላቸው ብዙ ግልገል ያሳድጋሉ። ሰው የለመደ፣ የነከሰ አንድ እንስሳ ሲኖር እሱን መግደል ግድ ነው፤ እኔም በሥራዬ አድርጌዋለሁ፣ አንዱንም አልረሳውም። ሁሉንም እንግደል ማለት ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ እኔ ራሴ ብተኩስስ?

መልስ፦ ከተማ ውስጥ አትተኩስ። ሕጉን ከተማህን ጠይቅ፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። መርዝም አታስብ፤ የጎረቤትህን ውሻ ነው የምትገድለው።

ጥያቄ (ከኮለምበስ)፦ አንዷ ኮዮቴ እየተጫወተች ውሻን ታታልልና መንጋው ወደተደበቀበት ትወስደዋለች ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ተረት ነው። ውሻው አሳድዶ ይሄዳል፣ ኮዮቴዋ ወደ ቤተሰቧ ትሸሻለች፣ እዚያ ይጣላሉ። ውሻህን በአጭር ገመድ ያዝ፤ እየተለቀቀ የሚረዝመውን ማሰሪያ ተው። ሌሊት የምትሰሙት «ሃያ የሚሆን» ጩኸትም ብዙ ጊዜ ሁለት ኮዮቴዎች ናቸው፤ ድምፃቸውን እየቀያየሩ ስለሚያላዝኑ ብዙ ይመስላሉ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ቢነክስስ?

መልስ፦ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠብ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂድ፣ ለእንስሳት ቁጥጥርም አስታውቅ። «ትንሽ ጭረት ናት» ብለህ አትደር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ በጊዜ ከተወሰደ ግን ያድናል። በእናንተ ግዛት፣ በደቡብ ቴክሳስ፣ ኮዮቴዎች የሚያዛምቱት ዓይነት ነበረ፤ ከ1995 ጀምሮ ክትባት ያለበት ምግብ ከአውሮፕላን እየበተኑ አጠፉት። የሌሊት ወፍና ሌሎች አራዊት ግን ዛሬም በሽታው አለባቸው።

ጥያቄ (ከፊላደልፊያ)፦ የመድን ዋስትና የውሻዬን ሕክምና ይከፍላል?

መልስ፦ ድርጅትህን ጠይቅ።

ጥያቄ (ቦታ ያልገለጸ)፦ በቀን ኮዮቴ አየሁ። ታሟል ማለት ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነበር፣ መልሱም እዚያው አለ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ጥያቄ (ከአውሮራ፣ በድጋሚ)፦ ጋሼ፣ በአደባባይ መናገሩ ከብዶኝ ነበር። ከጎናችን የሚኖሩ ትልቅ ሴት አሉ፣ እማማ ነው የምንላቸው። ማታ ማታ የተረፈውን አጥንትና ፍትፍት በሳህን አድርገው ከአጥሩ ሥር ያስቀምጣሉ። «እሱም የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፣ ለምን ጦሙን ያድራል» ይላሉ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ምን ብዬ ልናገራቸው? የተነከሰችው ውሻ ቤት ከእኛ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው።

መልስ፦ ደግ አደረግሽ፣ እህቴ። የውሻዋን ነገር አንቺ አታንሺባቸው፤ ጥፋተኛ ነኝ ብለው እንቅልፍ ያጣሉ። በኮሎራዶ ኮዮቴ ማብላት በሕግ የተከለከለ ነው፣ በዚያ ግን አታስፈራሪያቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔው እመጣለሁ። ቡና አፍልተን አብረን ቁጭ እንላለን፣ ሰው ሲያበላቸው ቆይቶ የተገደሉትን ኮዮቴዎች ነገር አጫውታቸዋለሁ። ማብላት ከወደዱ ደጃቸው የሚመጣ ሰው እንዳይጠፋ እናንተ ልጆቹን በየተራ ላኩላቸው። ዛሬ ማታ ግን «እማማ፣ ሳህኑን ልጠብልዎት» በይና ይዘሽው ግቢ። የፈሰሰውንም ፍትፍት ከሣሩ ላይ ልቀሚው።