የመቅደላ ነው የተባለው አዝራር

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሁለት የእንግሊዝ ወታደር የናስ አዝራሮች ገዛሁ። ፊታቸው ላይ አንበሳና ባለአንድ ቀንድ ፈረስ ጋሻ ይዘው ቆመዋል፤ ከላይ ዘውድ አለ። በአንደኛው ጀርባ «ጄ. አር. ጋውንት፣ በርሚንግሃም» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ሻጩ ከመቅደላ ዘመቻ የቀሩ ናቸው ብሎኛል። እውነት ይሆን? በሎሚና በአመድ ብወለውላቸውስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አዝራሮቹ እውነተኛ የብሪታንያ ጦር አዝራሮች ይመስላሉ፤ የመቅደላ ግን አይደሉም። ከ1767 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እያንዳንዱ የእግረኛ ሬጅመንት የራሱን ቁጥር በአዝራሩ ላይ እንዲያደርግ ታዝዞ ስለነበር፣ በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጋር የመጡት የ4ኛው፣ የ33ኛው እና የ45ኛው ሬጅመንት ተራ ወታደሮች መለያቸው ቁጥር ነበር። እርስዎ የገለጹት የንጉሣዊ አርማ አዝራር ለተራው እግረኛ የተሰጠው ከዘመቻው ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1871 ነው። የጀርባው ጽሑፍም ይህንኑ ያጸናል፤ የጋውንት ድርጅት በርሚንግሃም ውስጥ የተቋቋመው በ1884 ነውና፣ ስሙ ያለበት አዝራር መቅደላ ሊደርስ አይችልም።

ታዲያ የመቼ ናቸው? ይህን የሚነግርዎ ዘውዱ ነው። አዝራሩን መስኮት አጠገብ አስቀምጠው ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት ያድርጉና በማጉያ መነጽር የዘውዱን ቅስቶች ይመልከቱ። ቅስቶቹ መሐል ላይ ሳይጎደጉዱ እንደ ጉልላት ከፍ ብለው ከተገናኙ «የንጉሥ ዘውድ» ይባላል፤ ከ1901 እስከ 1952 ድረስ ያገለገለው ይህ ነው። መሐሉ ወደታች ጎድጎድ ካለ ደግሞ ወይ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው፣ ወይ ከ1953 እስከ 2022 የንግሥት ኤልሳቤጥ። እነዚህን ሁለቱን በዓይን መለየት ለጀማሪ ይከብዳል፤ ሆኖም በኤልሳቤጥ ዘመን ብዙዎቹ አዝራሮች ወርቃማ ቀለም ከተቀባ አሉሚኒየም ስለተሠሩ በእጅ ሲይዟቸው ከናሱ በጣም ይቀላሉ።

የእርስዎ አዝራሮች የንጉሥ ዘውድ ካላቸው፣ ከ1941 (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ጋር መገናኘታቸው የቅርብ ግምት ነው፤ ጎንደር የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ ሆና በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጅ የሰጠችው ለብሪታንያ ሠራዊትና አብረውት ለተዋጉት አርበኞች ነውና። በእኔ እምነት ይህ ታሪክ ከመቅደላው አያንስም። በጀርባው ቀለበት ውስጥ ትንሽ የሽቦ ማያያዣ ካገኙ አይጣሉት፤ የካኪ ልብስ ሲታጠብ አዝራሩ እንዲወልቅ የሚያስችለው እሱ ነው።

ሎሚና አመድ ግን እባክዎ አያስነኩት። ሎሚው ናሱን ይበላዋል፣ አመዱ ደግሞ የጋሻውን ጭረትና የጀርባውን ፊደል ይፍቀዋል፤ ፊደሉ ከጠፋ ዕድሜውን የሚመሰክር አይኖርም። ለስላሳ ብሩሽና ጥቂት ንጹሕ ውኃ ይበቃል፤ ከዚያም በደንብ አድርቀው፣ የአዝራሩን ቡናማ መልክ እንዳለ ይተዉት።

ጥያቄ፦ አጎቴ አምባ ማርያም (የቀድሞዋ መቅደላ) አካባቢ ሲያርስ «33» የሚል ቁጥር ያለበት አዝራር አገኘ። ገዢ መጥቶለታል። ይሽጠው?

መልስ፦ አይሽጠው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የመቅደላን ኮኪት በር ሰብሮ የገባው 33ኛው ሬጅመንት ነው። አዝራሩ ናስ ከሆነና ቁጥሩ ተመትቶ የወጣ፣ ጠርዙም የጠራ ከሆነ፣ የዚያ ቀን መሆኑ በእጅጉ ያስገምታል፤ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ የፈሰሰ፣ ፊቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ግን የኋላ ቅጂ ሊሆን ስለሚችል ጥርጣሬ ይገባል። ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅልቅል የተሠራ ግራጫ አዝራርም ለተራ ወታደር ከ1855 (እ.ኤ.አ.) በፊት የነበረ ነው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። አጎትዎ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሲያመለክቱ አዝራሩን ብቻ ሳይሆን ማሳው የት እንደሆነ፣ ከአምባው በየት በኩል እንደሚገኝ፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደነበረ ጭምር ያስመዝግቡ። ከቦታው የተለየ አዝራር ናስ ብቻ ነው፤ ከቦታው ጋር የተመዘገበው ግን ጦሩ በየት በኩል እንደወጣ ሊያሳይ ይችላል።