የሌለኝን ተስፋ እንዴት አካፍላለሁ?

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ ልጅ በመተማ በኩል ወደ ሊቢያ ካቀና ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። የገና ጾም ገብቷል፤ እኔ ግን «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ከማለት በቀር እናቱን የምላት የለኝም፤ እርሷም ይህን ስትሰማ ፊቷን ታዞራለች። እውነቱን ለመናገር የእኔም ተስፋ ተሟጧል። ምን ላድርግላት? (አንዲት አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ፊቷን ማዞሯን እንደ እምነት ማጣት አይቁጠሩባት። «አይዞሽ» መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ሐዘኗን ሳያዳምጡ ከቀደመ፣ ለቅሶሽን ቶሎ ጨርሺ የተባለች ያህል ይሰማታል።

ከኅዳር 15 ቀን እስከ ገና ዋዜማ የምንጾመው ጾመ ነቢያት የናፍቆት ጾም ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አዳም «ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» የሚለውን ቃል ኪዳን ከተቀበለ በኋላ እስከ ልደት ድረስ 5500 ዘመን ተቆጥሯል፤ ነቢያቱም የጠበቁትን በዓይናቸው ሳያዩ አርፈዋል። ሆኖም ዝም ብለው አልጠበቁም። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባሉት ቀናት በሚውለው እሑድ፣ በስብከት፣ የሚሰማው ምስባክ (ከወንጌል ንባብ በፊት የሚዜመው የመዝሙር ጥቅስ) ከመዝሙር 143 የተወሰደ ነው፦ «ፈኑ እዴከ እምአርያም»፤ እጅህን ከአርያም ላክ፣ ከብዙ ውኃም አድነኝ ማለት ነው። ልጇ ባሕር ሊሻገር የወጣባት እናት ይህን ጸሎት ከማንኛችንም በላይ ታውቀዋለች። በሚቀጥለው እሑድ፣ በብርሃን፣ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ»፣ ብርሃንህንና ጽድቅህን ላክ፣ ተብሎ ይለመናል፤ በሦስተኛው እሑድ፣ በኖላዊም የእስራኤል እረኛ ሆይ፣ ስማን ይባላል። ቤተ ክርስቲያን የልደትን ደስታ ከማወጇ በፊት የተጨነቀ ሰው ልመና የምታስቀድም ከሆነ፣ ጎረቤትዎም እርስዎም ከነልቅሷችሁ የጾሙ ባለቤቶች ናችሁ ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ተስፋዬ ሞልቶ እስኪተርፍ ልጠብቅ አይበሉ። ለስብከት እሑድ አብራችሁ እንድታስቀድሱ ይጠይቋት፤ አልሄድም ካለች አይጫኗት፤ ከቅዳሴ መልስ ሽሮም ሆነ ምስር ይዘው ይግቡና ቡናውን እርስዎ ያፍሉላት። ብዙ ሰው የእናቲቱን ሐዘን ላለመቀስቀስ ብሎ የልጁን ስም መጥራት ይፈራል፤ እርስዎ ግን ስሙን ይጥሩ፣ ስለ ልጅነቱም ያጫውቷት። እንደ ሞተ ሰው አያውሩበት፤ በሕይወት አለ ብለውም የማያውቁትን ቃል አይግቡላት።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግና የማገናኘት አገልግሎት አለው፤ የልጁን ፎቶግራፍ ይዛችሁ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበትን ቀንና ቦታ ጽፋችሁ አብረዋት ወደ ማኅበሩ ቅርንጫፍ ይሂዱ። በዚህ ነገር ብቻዋን በየቢሮው መመላለስ ለእናት እጅግ ከባድ ነው። የክርስትና ስሙንም ለንስሐ አባቷ ሰጥታ በጸሎት እንዲታሰብ ያስታውሷት።

የገና ዕለት ቤቷን ዘግታ እንዳትውል ከአሁኑ ይነጋገሩ፤ በዓል አላከብርም ካለችም ዳቦዎን ይዘው ከቤተሰብዎ ጋር እርሷ ዘንድ ይሂዱ።