ስታቲስቲክስ ተምሮ የት ነው የሚሰራው ላልሽው እህቴ

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ስታቲስቲክስ ነኝ፣ ሰው ሁሉ «ከማስተማር ሌላ ምን ስራ አለው» ይለኛል፣ ዲፓርትመንት ልቀይር ወይ ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔ ቀጥዪ ባይ ነኝ፣ ምክንያቴን ከራሴ ልንገርሽ።

ተመርቄ ባህር ዳር ስገባ ማስታወቂያ ላይ የምፈልገው «ስታቲስቲሺያን» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር፣ ስድስት ወር ሙሉ ያየሁት ሁለት ቢሆን ነው። ለካ ስራው ያለው በሌላ ስም ነው፣ ኤም ኤንድ ኢ (ክትትልና ግምገማ) ኦፊሰር፣ ዳታ ማናጀር፣ የእቅድና ክትትል ባለሙያ፣ ጤና ጣቢያ ላይ ኤችኤምአይኤስ (የጤና መረጃ ሥርዓት)፣ ባንክ ውስጥ ሪስክ (የስጋት ትንተና) ምናምን ይሉታል። ርዕሱን ትተሽ «የትምህርት ዓይነት» የሚለውን መስመር አንብቢ፣ ብዙ ጊዜ ከኢኮኖሚክስ ጎን ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

የመጀመሪያ ስራዬ የኮንትራት ነበር፣ ይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ የሰብል ምርት ሰርቬይ። ማሳው ውስጥ ራንደም ቁጥር (እንደ ዕጣ የሚወጣ) ባወጣልሽ ቦታ 4 ሜትር በ4 ሜትር ለክተሽ ካስማ ተክለሽ ገመድ ወጥረሽ ያቺን ብቻ አጭደሽ ወቅተሽ ትመዝኛለሽ። አንድ ቀን ቁጥሩ ጥግ ላይ ጣለን፣ ውሃ ተኝቶበት ጤፉ የቀጨጨበት ቦታ። ባለማሳው አዛውንት እጄን ይዘው «ልጄ፣ እሱ ምኑ ይታጨዳል፣ ና ከመሀሉ ቁረጥ፣ እንዲህ ያለ ጤፍ እያለኝ አታሳፍረኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ሁሉም ገበሬ ካማረው ቦታ ቢያስቆርጠን ምርቱ ወረቀት ላይ ይተርፍና የተቸገረው ቀበሌ ጠግቧል ተብሎ ይታለፋል። ባያስ የሚባለውን፣ ናሙናው ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን፣ ክላስ ውስጥ በፎርሙላ ነበር የማውቀው፣ የገባኝ እዛ ማሳ ላይ ቆሜ ነው፣ በኋላም ኢንተርቪው ላይ ከጂፒኤዬ ይልቅ የጠቀመኝ ይሄን ማስረዳቴ ነው።

ስለዚህ ስታቲስቲክሱን ከአንድ ዘርፍ ጋር አጣምሪው። ጤና ከሆነ ልብሽ ባዮስታቲስቲክስ (የጤና ስታቲስቲክስ) አለ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል። ግብርና ከሆነ እዚሁ አፍንጫችን ስር አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ የሰብል ዝርያ ሲወዳደር የሙከራውን ዲዛይን የሚያወጣና ውጤቱን የሚተነትን ሰው የግድ ነው። አክቹዋሪ ደግሞ የኢንሹራንስ ሂሳብ ባለሙያ ነው፣ ፈተናው ከውጭ ተቋም ነው የሚወሰደው፣ ዓመታት ይፈጃል፣ ሂሳብ ላይ ጎበዝ ከሆንሽ ብቻ።

አሁን ከሰላሙ አንጻር መስክ መውጣት እንደኛ ጊዜ አይደለም፣ ዶርም ቁጭ ብለሽ የምትሰሪውን ልንገርሽ። የ2016 የፈረንጆቹን የኢትዮጵያ ዲኤችኤስ (የሕዝብና ጤና ጥናት) ዳታ ኢንተርኔት ላይ ተመዝግበሽ ለምን እንደፈለግሽው ጽፈሽ በነጻ ታገኚዋለሽ። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር ብቻ ይዘሽ አትመረቂ፣ አር (R) የሚባለው ነጻ ነው፣ ዳታውን በሱ ክፈቺው። ሁለት ነገር ያስቸግርሻል። አንደኛ ቀኖቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው፣ የወር ኮዱን (ቀኑን በወር ቆጥሮ የሚያስቀምጠውን ቁጥር) ወደ ፈረንጅ ለመቀየር 92 ትጨምሪያለሽ። ሁለተኛ ዌይቱ፣ ለእያንዳንዱ ተጠያቂ የተሰጠው ክብደት፣ ለ1,000,000 አካፍለሽ ነው የምትጠቀሚበት። እሱን ከረሳሽ እንደ ሐረሪና ድሬዳዋ ያሉ ትንንሾቹ ከሕዝብ ድርሻቸው በላይ ናሙና ስለተወሰደባቸው የአገሩ ውጤት ወደነሱ ያዘነብልብሻል፣ የአማራና የኦሮሚያ ድርሻ ደግሞ ያንሳል። ይሄን የሚስቱ የተመረቁ ልጆች ብዙ አይቻለሁ፣ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም በዛ ቁጥር ነው ክትባት የት ይሂድ የሚባለው።

ደሞዙን አልዋሽሽም፣ ወረዳ ላይ ትንሽ ነው፣ ኮንትራት ደግሞ ያልቅና ወራት ትቀመጫለሽ። መውጫ ፈተናም ከ2015 ጀምሮ ግዴታ ነው፣ የፕሮባቢሊቲና የኢንፈረንስ ኮርሶችን ጥናት ለአራተኛ ዓመት አታሳድሪ።

ዳታው ሲከፈትልሽ የእናቶች ትምህርትና ጤና ተቋም መውለድን በክልል የሚያሳይ አንድ ቴብል ስሪና ከነኮድሽ እዚሁ ግሩፕ ላይ ለጥፊው፣ ዌይቱን አስገብተሽ እንደሆነ አየዋለሁ።