ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ የአንጎልና የነርቭ በሽታ ተመራማሪ መሆን ይቻላል ወይ?

እኅቴ፣ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ መመረቅሽን ገልጸሽ፣ «እንደ አልዛይመር ያሉ የነርቭ ሕዋሳትን ቀስ በቀስ የሚያጠፉ በሽታዎችን በሞለኪውላር ባዮሎጂ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ከዚህ ተነሥቶ ይቻላል ወይስ መጀመሪያ ውጭ አገር መሄድ አለብኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በዚህ ሙያ ከ20 ዓመት በላይ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ይቻላል፤ ነገር ግን የምትማሪበትን አገር ከመምረጥሽ በፊት የምትመረምሪውን ጥያቄ ምረጪ።

እኔ ጥያቄዬን ያገኘሁት ላቦራቶሪ ከመግባቴ በፊት ነው። የተወለድኩት በሞረትና ጅሩ፣ ከእነዋሪ ብዙም በማይርቅ መንደር ሲሆን፣ በዚያ ጥቁር አፈር ላይ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። አጎቴ በሁለት ምርኩዝ ነበር የሚሄደው፤ ተረከዙ መሬት ሳይነካ፣ ጉልበቶቹ እርስ በርስ እየተጋጩ፣ በእግሩ ጣቶች ይራመድ ነበር። በወጣትነቱ፣ ሌላው እህል ባልያዘበት ዓመት፣ ለወራት ጓያ ብቻ በልቶ ነው የተሰበረው፤ እግሩ ሽባ ሆነ ማለት ነው። አያቴ ግን የሰበረው የድስቱ እንፋሎት ነው ብላ ስለምታምን፣ ጓያ ሲቀቀል ልጆቹን ሁሉ ከቤት ታስወጣ ነበር። መርዙ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ከፍሬው ተለይቶ መታወቁን፣ የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበትን ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል የሚቀበሉትን ክፍሎች ከልክ በላይ እያነቃቃ ሕዋሳቱን እንደሚጎዳ ያነበብኩት ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ነው። በውኃ ስለሚሟሟ፣ ፍሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መጠኑን ይቀንሰዋል። ያን ዓመት ይህን ለቤታችን የነገረ ሰው አልነበረም፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የጓያ ሽባነት እንደ አልዛይመር እየባሰ የሚሄድ በሽታ አይደለም። አጎቴ 40 ዓመት ያህል በዚያው አካሄድ ኖረ፤ አእምሮው እስከ ዕለተ ሞቱ ንቁ ነበር። መርዙ በደም ወደ መላው ሰውነት እየተሰራጨ፣ በዋናነት እግርን የሚያዙት ነርቮች ተጎድተው ሌሎቹ እንዴት ተረፉ? በአልዛይመር የማስታወስ፣ በፓርኪንሰን ደግሞ እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚረዳውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሳት ቀድመው የሚሞቱት ለምንድን ነው ብለሽ ብትጠይቂም የምትገቢው እዚያው ጥያቄ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሰሜን ሸዋ መነሣትሽን እንደ ጉድለት አትቁጠሪው።

የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት ያጠኑትን የጓያ በሽታ ስርጭት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያሳትሙ፣ ሥራው የተጀመረው ከመንደር ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ስታንሊ ፕሩሲነርም እ.ኤ.አ. በ1972 በካሊፎርኒያ ገና በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪም ሳሉ ከአንዲት በሽተኛ ተነሥተው፣ በሽታ ለሚያስተላልፈው ፕሮቲን ፕሪዮን የሚለውን ስም እስኪያወጡ 10 ዓመት፣ የኖቤል ሽልማት እስኪያገኙ ደግሞ በጠቅላላው 25 ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ፕሮቲን ብቻውን በሽታ ያስተላልፋል ማለታቸውን ብዙ ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ አልተቀበሉትም ነበር። ይህ ሙያ የሚጠይቀው ትዕግሥት የዚህን ያህል መሆኑን ከወዲሁ እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ሁለተኛ ዲግሪሽን አገር ውስጥ ብትሠሪ እመክራለሁ፤ ለሦስተኛው የውጭ ትብብር መፈለግ የሚቀልሽ እጅሽ ሥራ ከለመደ በኋላ ነው። እኔ በምሠራበት ላቦራቶሪ መብራት ለሁለት ቀን ጠፍቶ፣ ጀነሬተሩም ሳይነሣ ቀርቶ፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚይዘው ማቀዝቀዣ ቀለጠ። ከናሙናዎቹ ያወጣሁትን አርኤንኤ (በቀላሉ የሚበላሽ የዘረመል ሞለኪውል) ደኅንነቱን ለማየት ሞለኪውሎችን በመጠን በሚለየው ጄል ላይ ባስኬደው፣ ሁለት ጥርት ያሉ መስመሮች ሊታዩ በሚገባበት ቦታ እንደ ጭስ የተበተነ ጥላ ብቻ ወጣ፤ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ የሁለት ዓመት ናሙና ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ናሙና ለሁለት ከፍዬ በተለያየ ሕንፃ አስቀምጣለሁ፤ አንቺ ከመጀመሪያው ቀን እንዲሁ አድርጊ።

ማመልከቻሽን ከመጻፍሽ በፊት፣ ጓያ በሚሰበሰብበት ወቅት ወደ ጅሩ ብቅ በዪ። ምርኩዝ የያዘ ሰው ስታገኚ፣ በየትኛው ዓመት እንደታመመ፣ ያን ጊዜ ከአንድ መሶብ አብረውት ይበሉ የነበሩት እነማን እንደሆኑ፣ ከእነርሱም ማን ሳይታመም እንደቀረ ጠይቂው። እኔ አጎቴን ይህን ሳልጠይቀው ነው ያረፈው።