መልስ፦ የክርስትና ድግስ ቤት ይሠራ ወይስ ለኬተሪንግ ይሰጥ?

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ለሴት ልጅሽ ክርስትና 60 ሰው ጠርተሽ፣ ምግቡን ቤት ላሠራው ወይስ ለኬተሪንግ ልስጠው ብለሻል። ድግስ ስትደግሺ የመጀመሪያሽ ከሆነ ሁለቱን ቀላቅያቸው።

ዶሮ ወጡ ቤት ይሠራ። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ለሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ካልሽ 5 ዶሮና 60 እንቁላል ነው። እኔ ግን 6 እገዛ ነበር። ክንፍ ደርሶት ደስ ያለው እንግዳ አይቼ አላውቅም። ትልቁ ሥራ ሽንኩርቱ ነው፤ ተከትፎ ቁሌቱ በዋዜማው ይለቅ። አንቺ ግን አራስ ነሽ፣ ወደ ጭሱ እንዳትጠጊ። እናትሽና ጎረቤቶች ይበቃሉ።

ጥብሱን፣ አትክልቱንና እንጀራውን ለኬተሪንግ ስጪ። እንጀራ ለሰው አንድ ተኩል ብለሽ 90 እዘዢ። ቀብድ ሳትከፍዪ ሳህን፣ ብርጭቆና አስተናጋጅ ዋጋው ውስጥ መኖራቸውን ጠይቂ። የተረፈው ምግብ የማን እንደሆነም ጭምር! እኛ ሳንጠይቅ ቀርተን፣ ግማሽ ድስት ጥብስ መኪና ላይ ተጭኖ ሲሄድ ቆመን አየን።

ቀኑንም ተመልከቺ። 80ኛው ቀን ረቡዕ ወይም አርብ ከዋለ ጾም ነው (ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ከሆነ ግድ የለም)። ያኔ ድግሱን ብቻ ወደ እሁድ አዙሪው። ሙስሊም እንግዶች ካሉሽ ደግሞ ሥጋቸው ከእርድ እስከ ድስቱ ለብቻው ይሁን።