ለሕፃናት ኤች.አይ.ቪ. ሥራ ድጋፍ ልትጠይቂ ለተነሣሽው እህቴ፦ መጀመሪያ ፋይናንስ ክፍል ግቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በክልል ሆስፒታል የምትሠሪ የሕፃናት ሐኪም ነሽ። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ኤች.አይ.ቪ. ለመግታት ለሚሠሩ ወጣት ተመራማሪዎች የሚሰጥ ድጋፍ ልትጠይቂ አስበሻል፤ «ማመልከቻውን እንዴት ላሳምረው?» ትያለሽ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ስለ አጻጻፉ በቂ ነግረውሻል። እኔ ግን ድጋፉን አሸንፌ፣ ገንዘቡ ባንክ ገብቶ፣ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ብር እንኳ እናቶቹ ዘንድ ሳይደርስ የቀረብኝ ሰው ነኝ። የአንቺም መሥሪያ ቤት ከእኔው ብዙ እንደማይለይ አውቃለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

1. የት ታመለክቻለሽ? የዓለም አቀፉ የኤድስ ማኅበር «ሳይፈር» በሚባለው መርሐ ግብሩ በሕፃናትና በአፍላ ወጣቶች ኤች.አይ.ቪ. ላይ ለሚሠሩ ጀማሪ ተመራማሪዎች እስከ 150,000 ዶላር፣ እስከ ሁለት ዓመት ለሚቆይ ሥራ ሲሰጥ ቆይቷል። ከእኛ ዓይነት አገር ለሚነሡ ወጣት ተመራማሪዎች የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም አካል የሆነው ፎጋርቲ ማዕከል ሲሰጠው የቆየ ድጋፍም አለ፤ እሱ ግን ከሥራ ጊዜሽ 75 በመቶውን ለምርምር እንድታውዪ ግድ ሲል ቆይቷል። ይህን ቁጥር በዋዛ እንዳታልፊው። የሆስፒታሌ ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤውን ሲያይ «ታዲያ ተረኛ ሐኪም ከየት ላምጣ?» ብሎ ሳይፈርም መለሰልኝ። እኔም ጊዜ ወደማይሻማው ወደ ሌላ ድጋፍ ዞርኩ። ደንቦቹ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጡ የዓመቱን ጥሪ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቢው።

2. ሳይንሱን አታብዢው። ገምጋሚዎቹ ሕክምና ካላገኙ በቫይረሱ ከተያዙ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ እንደሚሞቱ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሞ የወጣው የደቡብ አፍሪካ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተጀመረ ሕክምና የሕፃናትን ሞት በ76 በመቶ እንደቀነሰም ያውቃሉ። መድኃኒቱስ ቢሆን መቼ ጠፋ? ድሮ መራራውን ሽሮፕ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ስለሚያስፈልግ ጎረቤት ቤት «የሳል መድኃኒት ነው» ብላ ታስቀምጥ የነበረች እናት አውቃለሁ፤ ዛሬ ለሕፃናት የተዘጋጀው ዶሉተግራቪር የሚባለው የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በውኃ ይሟሟል፤ የእንጆሪ ጣዕምም አለው። ገምጋሚዎቹ የማያውቁት መድኃኒቱ አንቺ ያለሽበት ቦታ ልጁ ጋ ለምን እንደማይደርስ ነው። እኔ የጻፍኩት ስለ ቡና ለቀማ ነበር። በእኛ አካባቢ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እናቶች ልጅ አዝለው ወደ ቡና ይሄዳሉ። ሕፃኑ በስድስት ሳምንቱ ለቫይረሱ ምርመራ የደም ናሙና ይሰጣል፤ ውጤቱ ሲመጣ እናትየዋ የለችም። ካርዷ ላይ የተጻፈው ስልክ የጎረቤት ነው፤ ጎረቤቷም ለቀማ ሄዳለች። ድጋፉን ያስገኘልኝ ይህችው አንድ ገጽ ናት ብዬ አምናለሁ፤ እስከ ዛሬም እኮራባታለሁ።

3. በጀቱን ከማስገባትሽ በፊት ለፋይናንስ ክፍል አሳዪ። እንግዲህ እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው።

እኔ በጀቱን ብቻዬን ቤቴ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። የተቋማችን የምርምር ቢሮ ማኅተም መታበት፤ ፋይናንስ ግን ያየው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ገንዘቡ ታኅሣሥ ላይ መጣ። ለብቻው ሒሳብ ይከፈት የሚል ቃል በውሉ ላይ ስላልነበረ በቀጥታ ወደ ተቋሙ የጋራ ሒሳብ ገባ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወጪ እንደ መንግሥት ግዢ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤና አምስት ፊርማ ይጠየቅበት ጀመር።

የሥራው የጀርባ አጥንት ስድስት አማካሪ እናቶች ነበሩ። ሁሉም ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ መድኃኒታቸውን በሥርዓት ወስደው ነፃ ልጅ የወለዱ ናቸው። ቀጠሮ ያለፈባትን እናት ቤቷ ድረስ ሄዶ የሚያመጣት፣ አጠገቧ ተቀምጦ «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» የሚላት ሌላ ሰው የለም። የወር ክፍያቸውን ለማስፈቀድ አንዷን ይዤ ፋይናንስ ክፍል ገባሁ። ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል «ዲፕሎማ የሌለውን ሰው በየትኛው እርከን ላስገባልሽ? ለመሆኑ እነዚህ ሴቶች ሙያቸው ምንድን ነው?» አለኝ። እሷ በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ተከትያት ወጥቼ የምላት ጠፍቶኝ ስቆም፣ በፌስታል የጠቀለለችውን መዝገብ ከብብቷ አውጥታ «ዶክተር፣ የዛሬዋ እናት ቤቷ ከወፍጮው ባሻገር ነው፤ ሳይመሽ ልድረስ» ብላኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ያለ ክፍያ ሠርታለች። የትራንስፖርት የምሰጣት ከራሴ ደመወዝ ነበር።

ሰኔ መጣ። ሒሳብ ይዘጋል ተባለ፤ ንብረት ክፍልም ለቆጠራ ተቆለፈ። ከሕፃኑ ተረከዝ የሚወሰደውን ደም የምናደርቅባቸው ካርዶች ከነማሸጊያቸው እዚያው ውስጥ ቀሩ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሲከፈትልን ካርቶኑ ከታች በኩል ርሷል። እርጥበት መኖሩን የምታሳየው ትንሿ ምልክት ካርዱ ደኅና ሲሆን ሰማያዊ ናት፤ አንድ በአንድ ስከፍታቸው ሁሉም ሮዝ ሆነዋል። እንደዚህ ባለ ካርድ ላይ የሚወሰድ ደም የሚታመን ውጤት አይሰጥም። ንብረት ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በእነዚያ ሳምንታት ስድስት ሳምንት የሞላቸውን ሕፃናት ስም ከመዝገቡ አውቀው ነበር።

የፈታሁት በደብዳቤ ነው። ለበላይ ኃላፊው ጻፍኩ፤ ግልባጩን ለገንዘብ ሰጪው ላክሁ። ግልባጭ በመላኬ «ተቋሙን አሳጣሽ» ብለው የወቀሱኝ ባልደረቦች ነበሩ፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርግ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ውሉ ላይ አባሪ ተጨመረ። ስለዚህ አንቺ ከማመልከትሽ በፊት እነዚህን በጽሑፍ አስፈርሚ፦ ገንዘቡ በፕሮጀክቱ ስም ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ እንዲገባ፤ አንደኛዋ ፈራሚ አንቺ እንድትሆኚ፤ አማካሪ እናቶች በደመወዝ እርከን ሳይሆን በአገልግሎት ውል በየወሩ እንዲከፈላቸው፣ የክፍያው መጠንም በበጀቱ ላይ እንዲሰፍር፤ ለአነስተኛ ግዢ ጣሪያ ወጥቶለት ኮሚቴ ሳያስፈልገው በአንድ ቀን እንዲያልቅ። የናሙና ካርዶቹ ደግሞ በተቋሙ መጋዘን ሳይሆን በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ እንዲቀመጡ።

4. ምንዛሪው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእናቶቹን ክፍያ በብር ቆርጠሽ ካሰፈርሽ ኑሮው ሲወደድ እነሱ ይጎዳሉ። ድጋፉ የሚመጣው በዶላር ከሆነ ደግሞ ከምንዛሪው የሚተርፈውን ብር ለማን እንደምታውዪ አስቀድመሽ ጻፊ፤ አለበለዚያ ሌላ ሰው ይወስንልሻል።

5. ከገንዘቡ በኋላ ማን ይከፍላል? ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በአገራችን በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል፤ ብዙዎቹ በኤች.አይ.ቪ. ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው። እኔ በሁለተኛው ዓመት ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግሬ ከስድስቱ እናቶች ለሁለቱ ከወረዳው በጀት እንዲከፈል አስደርጌያለሁ። ሁለት ብቻ። ለአራቱ አልቻልኩም፤ ዘግይቼ ስለጀመርኩ ነው። አንቺ በመጀመሪያው ወር ጀምሪ።

ሥራው ሲያበቃ ውጤቱ እናቲቱ እጅ የሚደርስበት ጊዜ ከሦስት ወር ወደ አምስት ሳምንት ወርዶ ነበር። ቡና ለቀማ ወደሚሄዱበት ቀበሌ አማካሪ እናት ቀድማ ትሄድና ትጠብቃቸዋለች፤ ይህንንም ያሰበችው ያቺው ነጠላዋን አስተካክላ የወጣችው ሴት ናት። ወረዳው ከሚከፍላቸው ሁለቱ አንዷ እሷ ናት።

የውሉን አባሪ የተቋሙን ስም ሸፍኜ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ፋይናንስ ክፍል ስትሄጂ ይዘሽው ግቢ፤ ሰኔ ሳይደርስ ግን ይሁን።